ከአፕዴት በኋላ የጠፋ ዋይፋይ፦ የሊኑክስ ድራይቨር ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ በዩኤስቢ የሚሰካው ዋይፋይ እስከ ትናንት ድረስ ይሠራ ነበር። ሊኑክሱ አፕዴት ሆኖ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

ምክንያቱ፦ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ድራይቨሩ (ዋይፋዩን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የመጣ ሳይሆን ከኢንተርኔት ወርዶ በእጅ ኮምፓይል የተደረገ (ከኮድ የተሠራ) ነው። እንዲህ ያለው ሞጁል (ከርነሉ የሚጭነው የድራይቨር ፋይል) ለተሠራበት ከርነል ብቻ ነው የሚያገለግለው። አዲሱ ከርነል ሲነሳ ሞጁሉን አያገኘውም።

መፍትሄው፦ ለጊዜው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከግረብ (ከርነል የሚያስመርጠው የማስነሻ ፕሮግራም) ዝርዝር ውስጥ የድሮውን ከርነል ምረጡ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል። ከዚያ ድራይቨሩን በዲኬኤምኤስ (DKMS) ጫኑት፤ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ሞጁሉን ራሱ መልሶ ይሠራዋል። የከርነሉ ሄደር (ሞጁል ለመሥራት የሚያስፈልጉት ፋይሎች) ከሌለ ግን ዲኬኤምኤስም አይሠራም። ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፊርማ የሚያጣራው ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ያልተፈረመ ሞጁል አይገባም፤ የፊርማውን ቁልፍ አስመዝግቡ። «ቦታ ያዘብኝ» ብላችሁ የድሮውን ከርነል እንዳታጠፉ! እባካችሁ!

ከዚህ ጣጣ ለዘለቄታው የሚገላግለው ግን ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ ቺፕ መግዛት ነው። ኤምቲ7612ዩ ከከርነል 4.19 ጀምሮ አለ። ኤአር9271 የቆየና በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ቢሆንም ፈርምዌሩ (ቺፑ ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ሳይቀር ኮዱ ክፍት ነው።

የምትገዙት ቺፑን እንጂ የሞዴሉን ስም አይደለም። አንዱን ጓደኛዬን ኤአር9271 ያለበትን ሞዴል ግዛ አልኩት። ገዝቶ መጣ። ሣጥኑ ያው፣ አንቴናው ያው። ሰክቼ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb፣ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ብዬ ስጽፍ ሌላ ቺፕ ወጣ። ገልብጬ ሳየው ባርኮዱ ሥር በደቃቅ ፊደል «ቪ2» ይላል። አምራቹ ሆዱን ቀይሮ ስሙን እንዳለ ትቶታል። እንዲህ ያለው ሥራ በጣም ያናድደኛል፤ ገዢው ምን አጠፋ? ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የቪ ቁጥሩን አንብቡ። ከተቻለ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ቺፑን እዩት። ሣጥኑ ላይ «ሊኑክስ» ተብሎ ስለተጻፈም አትመኑ፤ ሲዲው ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ለድሮ ከርነል የተጻፈ ኮድ ነው።

ለላፕቶፕ የውስጥ ካርድ ኢንቴል ኤኤክስ210 ጥሩ ነው። ኤኤክስ211 ግን ቁርጥ እሱን ቢመስልም የሚሠራው እሱን በሚቀበል የኢንቴል ሲፒዩ ላይ ብቻ ነው። ኤኤምዲ ላይ አትሞክሩት።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ የሰካችሁት ዋይፋይ እንደ ሲዲ ከታየ ከሲዲነት ወደ ዋይፋይነት የሚቀይረውን ዩኤስቢ ሞድስዊች ጫኑ። ዲሜሴጅ (dmesg፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳይ ትዕዛዝ) ላይ ፈርምዌር አልተገኘም የሚል ካያችሁ የሊኑክስ ፈርምዌር ፓኬጁን ጫኑና ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩት።