ከባድ ኤሌክትሮን በማግኔት እንዴት ይመዘናል?

ሴሪየም ወይም ዩራኒየም ያለባቸው አንዳንድ ሜታሎች አሉ፣ ሄቪ ፈርሚዮን ይባላሉ፣ በጣም ሲቀዘቅዙ ውስጣቸው ያለው ኤሌክትሮን ከተራው መቶ እጥፍ የሚከብድ ያህል ሆኖ ነው የሚንቀሳቀሰው። አተሞቹ ላይ ካሉት የኤፍ ኤሌክትሮኖች (ከአተሙ ብዙ የማይርቁ ኤሌክትሮኖች ናቸው) ስፒን ጋር፣ ማለትም ከእያንዳንዳቸው ትንሽዬ ማግኔትነት ጋር፣ እየተቆራኘ ስለሚሄድ ነው እንደዛ የሚከብደው። እና ይሄ ክብደት በማግኔት ይለካል፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው።

መጀመሪያ ንፁህ ክሪስታል። ማግኔቲክ ፊልዱ ኤሌክትሮኑን ክብ ያዞረዋል፣ ዙሩን ሳይጨርስ ከባእድ አተም ጋር ከተጋጨ ሲግናል የለም፣ ሲግናል የምለው ፊልዱ ሲቀየር የሜታሉ ማግኔታይዜሽን፣ ማለትም ራሱ ማግኔት የሚሆንበት መጠን፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው።

ከዛ ማቀዝቀዝ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሂሊየም 3 እና ሂሊየም 4 በሚቀላቀሉበት ዳይሉሽን ፍሪጅ እስከ 20 ሚሊኬልቪን አካባቢ ታወርዱታላችሁ። ለምን ይሄን ያህል? 14.69ን በክብደቱ (ከተራው ኤሌክትሮን ስንት እጥፍ እንደሆነ) እና በቴምፕሬቸሩ በኬልቪን አባዙና ለፊልዱ በቴስላ አካፍሉት፣ የወጣውን ቁጥር ለራሱ ሃይፐርቦሊክ ሳይን (ካልኩሌተር ላይ sinh የሚለው) ስታካፍሉት ከሲግናሉ ስንት እንደቀረ ይነግራችኋል። 10 ቴስላ ላይ ተራ ኤሌክትሮን 1 ኬልቪን ሆኖም 70 በመቶ ገደማ ይቀረዋል፣ መቶ እጥፍ የከበደው ግን 0.1 ኬልቪን ላይ እንኳን ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ ነው የሚተርፈው፣ 20 ሚሊኬልቪን ስትደርሱ ነው 30 በመቶ የሚሆነው።

አሁን ፊልዱን ቀስ እያላችሁ ቀይሩ፣ ከፈጠነ ሜታሉ ውስጥ ከረንት ይፈጠርና ያሞቀዋል። ማግኔታይዜሽኑ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፊዚሲስቶቹ ደ ሃስ እና ቫን አልፈን 1930 ላይደን ውስጥ ቢስመዝ ላይ ያዩት ይሄንኑ ነው። ግራፉን በፊልዱ ሳይሆን አንድ ሲካፈል ለፊልዱ አድርጋችሁ ሳሉት፣ ሞገዱ እኩል እኩል ይራራቃል፣ ፍሪኩዌንሲውም የፈርሚ ሰርፌሱን፣ ማለትም በሞመንተም ካርታ ላይ ኤሌክትሮን የሞላበትን ከባዶው የሚለየውን ወሰን፣ የቁራጭ ስፋት ይሰጣል።

ቴምፕሬቸሩን እየጨመራችሁ ይሄንኑ ድገሙት። ሲግናሉ በምን ፍጥነት እንደጠፋ ከላይ ካለው ስሌት ጋር ስታገጣጥሙት ክብደቱ ይወጣል። ፊዚሲስቶቹ ታይፈር እና ሎንዛሪች በ1980ዎቹ መጨረሻ ካምብሪጅ ሆነው ዩራኒየምና ፕላቲነም ባለበት ሜታል ላይ ከባዶቹን ኤሌክትሮኖች ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው።

አንድ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር፣ ፊልዱ ራሱ ክብደቱን ይቀይረዋል! ሴሪየም፣ ሩተኒየምና ሲሊከን ያለበት ሜታል 7.7 ቴስላ አካባቢ ማግኔታይዜሽኑ በድንገት ይዘላል፣ እዛ ጋር ኤሌክትሮኑ ይከብዳል፣ ከዛ በላይ ይቀላል። ስለዚህ ከ5 እስከ 12 ቴስላ ያለውን ዳታ አንድ ላይ አድርጋችሁ ካሰላችሁ የሚወጣው ቁጥር የማንም ኤሌክትሮን ክብደት አይደለም፣ ጠባብ ጠባብ አድርጋችሁ ከፋፍሉና ለየብቻ አስሉት።