መጀመሪያ አትሰኩት፦ የቆየ የቫልቭ ሬዲዮን ለኤኤም ማስነሳት

ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «የአባቴ ሬዲዮ ቆጥ ላይ ተገኘ። ሰካሁት። ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ጭስ ሸተተኝ። ይሠራል?» ከመሰካቱ በፊት ቢጠይቀኝ ኖሮ አዎ እለው ነበር።

ስለዚህ ቆጥ ላይ፣ አልጋ ስር ወይም ሰኞ ገበያ አሮጌ የቫልቭ ሬዲዮ (በትራንዚስተር ፋንታ የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት) ካገኛችሁ ገመዱን ጠቅልላችሁ ላስቲክ እሰሩበት። እኔ ለአንዱ ደንበኛዬ ሶኬቱን በማሸጊያ ፕላስተር ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የቆየ ዕቃ ሁለት ሳምንት ቢጨምር ምንም አይሆንም።

የኔው ሬዲዮ ሃሊክራፍተርስ ኤስ-40ቢ ይባላል። ቺካጎ የተሠራ፣ 8 ቫልቭ ያለው፣ ከመካከለኛ ሞገድ ጀምሮ አጭር ሞገድን ጠራርጎ የሚይዝ መቀበያ ነው። አጎቴ አስመራ ቃኘው ስቴሽን፣ የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ሰፈር ውስጥ፣ ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሱ ገዝተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በአውቶብስ ደሴ አስገቡት። ሙጋድ ያለው ቤታችን ውስጥ ከቡፌው በላይ የተከበረ ቦታ ነበረው።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የ13 ዓመት ልጅ ሆኜ አጎቴ ገበያ ሲወጡ ከፈትኩት። ውስጡ የአሉሚኒየም ሳጥኖች አሉ፣ ሳጥኖቹ ላይ ደግሞ ትንንሽ ብሎኖች። ሁሉም ልል ሆነው አገኘኋቸው። አዘንኩለት፣ አንድ በአንድ ጥብቅ አደረግኳቸው። ማታ አጎቴ ሲከፍቱት ሹ... ከማለት ሌላ ድምፅ የለም። እኔ ልቤ ሊወጣ ደርሷል። እሳቸው ፊቴን አይተው «አብሽር፣ ጣቢያው ነው የተዘጋው» አሉኝ። ጣቢያው ለብዙ ዓመታት እንደተዘጋ ቀረ።

እነዚያ ብሎኖች ምን እንደሚሠሩ በኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው አትንኳቸው። ልልነታቸው ልክነታቸው ነው።

ለምን ኤኤም ትሉ ይሆናል። ኤኤም ማለት ድምፁ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ተጭኖ የሞገዱን ጉልበት ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ዘዴ ነው። የዛሬ አማተሮች፣ ማለትም ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ በድምፅ ሲነጋገሩ በአብዛኛው ኤስኤስቢ በሚባለው፣ ተሸካሚው ተትቶ የድምፁ አንድ ጎን ብቻ በሚላክበት ዘዴ ነው። ኃይልና የሞገድ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን መቃኛው ትንሽ ከሸሸ ሰውዬው እንደ ዳክዬ ይናገራል። ኤኤም ወደ 6 ኪሎኸርዝ ስፋት ይይዛል፣ ኤስኤስቢ ግማሹ ይበቃዋል። አባካኝ ነው፣ አልክድም። ግን ያረጀ ሬዲዮ ሲሞቅ መቃኛው ይንሸራተታል፣ ኤኤም ደግሞ ይህን ይታገሣል። ድምፁም የሰው ድምፅ ነው፤ ሲተነፍስ ሁሉ ትሰማላችሁ።

እንግዲህ እንክፈተው። ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ከላይም ከሥርም ፎቶ አንሱ፤ ሃያ ፎቶ አይበዛም። ቫልቮቹን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር በጣት ሁሉ ይለቃል፤ ቁጥሩ ከጠፋ የትኛው የት እንደነበር ማወቅ ፈተና ነው። አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። የኔው ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ አግኝቻለሁ፣ ከሰባራ ስንደዶ ጋር። የሞገድ መምረጫውን መገናኛዎች በትንሽ አልኮልና በጥጥ አጽዱ። ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የሚያፈስበት ሰው አይቻለሁ፤ እሱን ተዉት።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ፦ ትራንስፎርመር አለው ወይስ የለውም? ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። አንዳንድ ርካሽ ሬዲዮ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38፣ የመብራቱ አንዱ ሽቦ ከሬዲዮው ብረት ጋር የሚገናኝ ነው። ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ሻሲው (ዕቃዎቹ የታሰሩበት ብረት) ራሱ መብራት ይይዛል። ለማወቅ ሳትሰኩት ማብሪያውን ክፈቱና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ሻሲው ላይ፣ ሌላውን በየተራ በሶኬቱ ሁለት እግሮች ላይ ያዙ። አንዱ እግር ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየ ያ ሬዲዮ ለጀማሪ አይሆንም። በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቮልቴጅ ነው። ከአሜሪካ የመጣው አብዛኛው 115 ቮልት ይላል። የኛ ግድግዳ 220 ነው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በባትሪ አብርታችሁ አንብቡ። 115 ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ 8 ቫልቭ ላለው ሬዲዮ 150 ቮልት አምፒር ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ገበያ የሚሸጠው መቀነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ነው፤ ቮልት ይቀንሳል እንጂ ከመስመሩ አይለይም። መቀነሻውን ከግድግዳ ነቅላችሁ፣ የቴስተሩን ጫፎች አንዱን መግቢያው ላይ፣ አንዱን መውጫው ላይ አድርጉ። ከተገናኘ አይለይም ማለት ነው። ትራንስፎርመር ላለው ሬዲዮ ችግር የለውም። ለኤስ-38 ግን ምንም መከላከያ አይሆንም።

አሁን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ። አሮጌ ሬዲዮ የሚሞተው በነሱ ነው። ሁለት ዓይነት አሉ። ትላልቆቹ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ይደርቃል፤ ውጤቱ ከስፒከር የሚወጣ ወፍራም እምምም ነው፣ ሲብስ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላሉ። ሌሎቹ በሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮች ናቸው፤ ሲጋራ ያህላሉ። የኛ ደሴ ጉም እነሱን ይወዳል። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ማሳለፍ የሌለበትን ያሳልፋል። በተለይ ወደ ድምፅ ማጉያው ቫልቭ ግሪድ (ድምፁ የሚገባበት እግር) የሚሄደው አንዱ ካፓሲተር ካንጠባጠበ ያ ቫልቭ ውስጡ ፍም ይመስላል፣ የስፒከሩን ትራንስፎርመርም ይዞ ይሞታል። ሌላ ምንም ባትቀይሩ እሱን ቀይሩ።

የወረቀቶቹን ምትክ ከሞተ የድሮ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ታገኛላችሁ። እነዚያ አብረቅራቂ፣ ጠፍጣፋ ማስቲካ የሚመስሉት የፊልም ካፓሲተሮች ናቸው። 630 ቮልት የሚል ካለ ውሰዱ። እነሱ አያረጁም ማለት ይቻላል። የማጣሪያዎቹን ግን ከቦርድ አትንቀሉ፣ አዲስ ግዙ፤ 22 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት። ሻጩ «100 አለኝ፣ ይሻላል» ካላችሁ እሺ አትበሉ። የድሮው ሬክቲፋየር ቫልቭ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው)፣ 5ዋይ3 የሚባለው፣ ትልቅ ካፓሲተር ሲሞላ የሚወስደውን ድንገተኛ ጅረት አይችልም። አንድ ቀይራችሁ አንድ ፈትሹ። አሥሩን ባንዴ የነቀለ ሰው ቀጥሎ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፣ ሬዲዮውን በካርቶን፣ ዕቃውን በፌስታል ይዞ።

ገመዱንም ቀይሩ። ጎማው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ አያጠራጥርም። ትራንስፎርመር ያለው ከሆነ ባለ ሦስት ሽቦ አድርጉት፣ አረንጓዴውን ሻሲው ላይ እሰሩ፣ 1 አምፒር ፊውዝም ጨምሩ።

አሁን ይሰካል፣ ግን በአምፖል በኩል። ቢጫ ብርሃን የሚሰጠው የድሮ አምፖል፣ 100 ዋት፣ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ የሚገባ። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ፒያሳ አራት ሱቅ ዞሬ፣ አንዱ ባለሱቅ «ዛሬ ይህን ማን ይጠይቃል» ብሎ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የለበሱ ሦስት አውጥቶ ሰጠኝ። አምፖሉ 220 ስለሆነ ከመቀነሻው በፊት ይግባ። መጀመሪያ ሬክቲፋየሩን ቫልቭ ነቅላችሁ አብሩ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ትራንስፎርመሩ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ አጥፉ፣ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል። ቀጥሎ ቫልቩን መልሳችሁ ድገሙት። አሁን ትንሽ ደመቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የተቃጠለ አቧራ ሽታ ይጠፋል፤ የሬንጅ ሽታ ግን ትራንስፎርመሩ እያለቀሰ ነው።

ውስጡ 250 ቮልት ገደማ ዲሲ አለ። ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። በ10 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሱት፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ ንኩ። በርቶ እያለ ስትለኩ ግራ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። ቀለበትና ሰዓትም ይውለቁ። እኔ የክርኔን ጠባሳ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ወደ ብሎኖቹ እንመለስ። ሳጥኖቹ ውስጥ ያሉት ጥቅሎች 455 ኪሎኸርዝ ላይ ብቻ እንዲዘፍኑ የተቃኙ ናቸው። የትኛውንም ጣቢያ ብትመርጡ ሬዲዮው ወደዚያች ቁጥር ቀይሮ ነው የሚያጎላው። ሁሉም ባንድ ላይ ካልተቃኙ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይውጠዋል። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው፤ ክራር ላይ ያሉትን ጅማቶች ሁሉ እስከ መጨረሻው እንደማጥበቅ።

ለማስተካከል የብረት ጠመንጃ መፍቻ አይሆንም፤ ብረቱ ራሱ ቅኝቱን ያዛባል። የባለቤቴን የፕላስቲክ ሹራብ መሥሪያ ጫፍ በሞረድ ጠፍጣፋ አደረግኩት። (ተፈቅዶልኛል፣ በኋላ።) ከሲግናል ጀነሬተር፣ የመረጣችሁትን ሞገድ ከሚያመነጨው መሣሪያ፣ ድምፅ የተጫነበት 455 ኪሎኸርዝ አስገቡ። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ ስፒከሩ ላይ ያዙ፣ ድምፁን አብዝታችሁ ሲግናሉን አሳንሱ። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን በጣም በቀስታ፣ ቁጥሩ ከፍ እስኪል። አንድ ስምንተኛ ዙር ብዙ ነው። ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ሂዱ፣ ከዚያ ድገሙት። ሦስተኛው ብሎን ላይ ስደርስ ሹ የሚለው ድምፅ ወፈረ። አራተኛው ላይ ከሥሩ አንድ ሰው በዐረብኛ ሲናገር ሰማሁ። አጎቴ በሕይወት ቢኖሩ «ጣቢያው ተከፈተ» እላቸው ነበር። ሲያበቃ ብሎኖቹ ላይ አንዳንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉ፣ ቤት ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ካለ በተለይ።

አንቴና ቀላል ነው። ሁለት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር፣ መካከላቸው የጀሪካን ቁራጭ፣ ከመካከሉ የሚወርድ የዲሽ ገመድ። ይህ ለ7 ሜጋኸርዝ ነው። ለ14 ከሆነ 5 ሜትር 5 ሜትር ይበቃል። ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ ዘርጉት። ዛፉ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ባንዱ ጫፍ ገመዱ ላይ ድንጋይ አንጠልጥሉ፣ ሽቦው እንዳይበጠስ። ጦሳ ሥር የምትኖሩ ከምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ይጋረድባችኋል፤ ኮምቦልቻ ያላችሁም ተራራ አይጠፋችሁም። ክረምት ላይ ግን ደመና ሲጠቁር አንቴናውን ንቀሉና ጫፉን ከቤት ውጭ ጣሉት። መስኮት ላይ አንጠልጥሎ መተው መንቀል አይባልም።

ትልቁ ጠላት የጎረቤት ኤልኢዲና የስልክ ቻርጀር ነው፤ ዝርርርር ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ሞገዱ እንደ መስተዋት ይጠራል። ያኔ ሬዲዮውም አብሮ ጠፍቷል። መብራት ሲመለስም አሥር ደቂቃ ታገሡት፣ አመጣጡ በቮልት ዱላ ነው።

መምረጫውን ኤኤም ላይ አድርጋችሁ ፈልጉ። የአማተር ኤኤም ሰዎች 14.286 ሜጋኸርዝ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ፀሐይ ንቁ በምትሆንባቸው ዓመታት ደግሞ ቀን ላይ ከ29.0 ጀምሮ። የአሜሪካኖች ጽሑፍ 7.290 ይላችኋል። እሱን እርሱት። በኛ ክፍለ ዓለም የአማተሩ ድርሻ 7.200 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ የምትሰሙት የሬዲዮ ጣቢያ ስርጭት ነው። ሬዲዮውን ለመፈተን ግን እሱ ራሱ ጥሩ ነው። ዳክዬ ድምፅ ካገኛችሁ ኤስኤስቢ ነው፣ እለፉት። አንዳንድ ቀን አንድም የኤኤም ሰው አይገኝም።

ስለ ማስተላለፊያ ብዙ አልልም። ሂትኪት ዲኤክስ-60፣ ዲኤክስ-100፣ ጆንሰን ቫይኪንግ ሬንጀር፤ ሦስቱም መጨረሻቸው ላይ 6146 የሚባል ቫልቭ አላቸው፣ በዲኤክስ-100 ሁለት ነው። ውስጣቸው ያለው ቮልቴጅ ከመቀበያው በብዙ ይበልጣል፤ በሬዲዮ ያልተለማመደ እጅ አይግባበት። ሂሳቡን ግን ያዙ። 40 ዋት ተሸካሚ ሞገድ ሙሉ በሙሉ ድምፅ ሲጫንበት ጫፉ 160 ዋት ይደርሳል፤ ስለዚህ አንቴናውና መለኪያው 160 እንዲችል ሆኖ ይሠራ። ማይክ ላይ መጮህ ደግሞ ሞገዱን ይቆራርጠዋል እንጂ ሩቅ አይወስድም፣ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲን ነው የሚያቆሽሸው።

ማስተላለፍ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሥራውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል መለያ የሚጠራ የአማተሮች ጣቢያ አለ። እስከዚያ ማስተላለፊያ ያላችሁ 50 ኦም መሞከሪያ ጭነት (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚውጥ ሬዚስተር) ላይ ብቻ አብሩት። ባዶውን አታብሩት። እኔ አብርቼ አንድ 6146 አጥቻለሁ፣ ምትኩን ስፈልግ ዓመት ሊሞላኝ ነው።