የእንግሊዝን ኤል፣ ሳይደርና ስፓርክሊንግ ወይን እንዴት እንቅመስ?

ኤል የሚባለውን የእንግሊዝ ባህላዊ ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ብዙ ጊዜ «ሞቋል፣ ጋዙም ወጥቷል» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ቢራው ግን አልተበላሸም። የተጠመቀውም እንዲያ ሆኖ እንዲጠጣ ነው። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ በለመደ ምላስ ከፈረድንበት ምንም አናገኝበትም። ከፖም ጭማቂ የሚሠራው ሳይደርና ስፓርክሊንግ የሚባለው ጋዝ ያለው ወይንም እንደዚያው ናቸው፤ ሁሉም በየራሳቸው መለኪያ መቀመስ ይፈልጋሉ።

በባዶ ሆድ አትጀምሩ። ሽቶ አትቀቡ፣ የመጠጡን ሽታ ይሸፍነዋል። ውሃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ አጠገባችሁ ይኑር። መኪና የሚነዳ ሰው ቅምሻው ውስጥ አይግባ። ሦስቱን በተለያየ ቀን ብትቀምሱ እመርጣለሁ። በአንድ ቀን ካላችሁ ግን ከወይኑ ጀምሩ፣ ከዚያ ኤሉን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ፣ ሳይደሩን ለመጨረሻ አቆዩት። ሳይደር ምላስ ስለሚይዝ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይደበዝዛል።

ኤል

ፐብ፣ ማለትም የእንግሊዝ መጠጥ ቤት፣ ስትገቡ ባንኮኒው ላይ ረጅም እጀታ ያለው ፓምፕ ፈልጉ። አስተናጋጁ እጀታውን እየሳበ የሚቀዳው ቢራ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ካለ በርሜል ነው። በርሜሉ ውስጥ እርሾው ገና ሕይወት አለው። ቢራው እዚያው ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፣ ጋዙንም ራሱ ይሠራል። በዚህ በኩል ከፋብሪካ ቢራ ይልቅ ለቤት ጠላ ይቀርባል። ብቅሉ ያው የገብስ ብቅል ነው፤ በጌሾ ፋንታ መራራነቱን የሚሰጠው ሆፕስ ነው። ይህ ዓይነቱ ቢራ በፋብሪካ ቢራ ተውጦ ሊጠፋ ሲል እ.ኤ.አ. በ1971 ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ታገለለት። ዛሬም በየፐቡ የምናገኘው ለእነዚያ ሰዎች ምስጋና ይግባና ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት «ትንሽ ልቅመስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም፤ ብዙ ፐቦች ጉንጭ የምትሞላ ያህል ይቀዱላችኋል። ከዚያ ሙሉ ፓይንት አትዘዙ፣ 568 ሚሊ ሊትር ለቀማሽ ብዙ ነው። ግማሹን፣ ማለትም 284 ሚሊ ሊትር፣ ወይም ካላቸው ሲሶውን ጠይቁ።

ትክክለኛው ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ሽታው ይታፈናል። መጀመሪያ ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። አብዛኛው ኤል ጥርት ያለ ነው፤ ሆን ብሎ ሳይጣራ የሚሸጥም አለ፣ ስለዚህ ደፍረስ ካለ ጠይቁ። ቀጥሎ አሽትቱ። ከዚያ ጉንጫችሁን ሞልታችሁ ተጎንጩ፣ አፋችሁ ውስጥ አዟዙሩትና ዋጡት። ወይን ቀማሾች እንደሚያደርጉት አትትፉት፣ ምክንያቱም የኤል መራራነት ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ከተዋጠ በኋላ ነው። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ፊት የሚመጣው ብቅሉ ነው፤ ብስኩት፣ የተቃጠለ ስኳር፣ አንዳንዴ የደረቀ ፍሬ። ሆፕሱ ከኋላ ይከተላል። ፈግል እና ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ የሚባሉት የቆዩ የእንግሊዝ ሆፕሶች የአፈርና የቅጠል፣ የማርም ጠረን አላቸው። ጮኸው አይመጡም፣ ትዕግሥት ይፈልጋሉ።

ለጀማሪ ቢተር የሚባለውን የኤል ዓይነት እመክራለሁ። አልኮሉ ብዙውን ጊዜ 4 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ፖርተርን ሞክሩ፤ ለንደን ውስጥ በ18ኛው መቶ ዘመን የገነነ ጥቁር ቢራ ሲሆን፣ ከተቆላው ብቅል የተነሳ ቡናና ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል። የበርተን አፖን ትሬንት ከተማ ኤል ካገኛችሁ ደግሞ ስታሸትቱት የክብሪት ሽታ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። የከተማዋ ውሃ ጂፕሰም በሚባል ድኝ ባለበት ማዕድን የበለጸገ ስለሆነ ነው።

እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ ቢራው ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ሦስት ቀን ያህል ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ አልፎበታልና በትሕትና መልሱት። ደህና ፐብ ሳያንገራግር ይቀይርላችኋል።

ሳይደር

እዚህ ላይ ምርጫችሁ ሁሉን ይወስናል። በእንግሊዝ የታክስ ሕግ አንድ መጠጥ ሳይደር ለመባል 35 በመቶ የፖም ጭማቂ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ሙሉ በሙሉ ከጭማቂ መሠራቱን የሚናገር ጽሑፍ ፈልጉ። የሰመርሴትንና የሄርፎርድሺር አውራጃዎችን ሳይደር አስቀድሙ። ፖሙ ለመብል የሚሆን ዓይነት አይደለም። ዳቢኔት እና ኪንግስተን ብላክ የመሳሰሉት የፖም ዓይነቶች ታኒናቸው፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገራቸው፣ ብዙ ስለሆነ ጥሬውን ቢነክሱት አፍ ያደርቃል። መጠጡ ውስጥ ግን አጥንት የሚሆነው ያ ታኒን ነው።

ደረቁን፣ ማለትም ስኳር ያልቀረበትን፣ ቀድማችሁ ቅመሱ። ጋዝ የሌለውም አለ፣ አትገረሙ። ሦስት ነገር ለዩ፦ ጣፋጭነቱን፣ ኮምጣጣነቱንና ድድ ላይ የሚቀረውን ድርቀት። ሦስቱ ከተመጣጠኑ ጥሩ ሳይደር ነው። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከቢተር ስለሚበልጥ በትንሽ ብርጭቆ ያዙት። ከቼዳር አይብ ጋር ደግሞ በጣም ይሄዳል። ፒር ከሚባለው ፖም መሰል ፍሬ የሚሠራው ፔሪም አያምልጣችሁ፤ ፒር ውስጥ እርሾ የማይበላው ሶርቢቶል የሚባል ጣፋጭ ንጥረ ነገር ስላለ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ይቀርለታል።

ስፓርክሊንግ ወይን

ኢንግሊሽ የሚለውን ምረጡ። ብሪቲሽ ወይን ተብሎ የሚሸጠው ከውጭ ከገባ የወይን ጭማቂ የሚሠራ ነው። በደቡብ እንግሊዝ በሰሴክስ፣ በኬንትና በሃምፕሺር ብዙ ቦታ መሬቱ ኖራማ ነው፤ ሻርዶኔ፣ ፒኖ ኗር እና ፒኖ ሙኒየ የሚባሉት የወይን ዓይነቶች ይበቅሉበታል። ሰሴክስ ያለው ናይቲምበር የተባለው ወይን አምራች የመጀመሪያ ወይኖቹን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ነገሩ ግን ሥር አለው። ክሪስቶፈር ሜሬት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ወይን ጋዝ እንዲኖረው ስኳር እንደሚጨመርበት ለሳይንቲስቶች ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ በጽሑፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1662 ነበር።

ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አቀዝቅዙት። ረጅምና ቀጭኑን ብርጭቆ ተዉት፣ ሽታ ያፍናል፤ ተራ የነጭ ወይን ብርጭቆ ይሻላል። ቡሹን ስትከፍቱ ጠርሙሱን አዙሩ እንጂ ቡሹን አታዙሩ፤ ወደ ሰው ፊትም አይዙር። ብርጭቆውን አዘንብላችሁ ቅዱ። መጀመሪያ አረንጓዴ ፖምና ሎሚ ይመጣል፣ ከዚያ እርሾው ላይ የቆየ ከሆነ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮምጣጣነቱ ሹል ነው። ያ ሹልነት ቅባት ይቆርጣልና ከተጠበሰ ዓሣና ድንች ጋር ቅመሱት። ከተረፈ በስፓርክሊንግ ወይን መክደኛ ዘግታችሁ ፍሪጅ አስገቡትና በማግሥቱ ጨርሱት።