አፕሊኬሽንን በፒኤም2 ማስነሳትና ማስመዝገብ

ባለፈው የከተራ ዕለት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ ተነሳ፤ የክፍል ማስያዣው አፕሊኬሽን ግን እንደጠፋ ቀረ። አፕሊኬሽኑን አስነስቼው እንጂ ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አላስመዘገብኩትም ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያሠራው ፕሮግራም) የተጻፈ አፕሊኬሽን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚያሠራ ሰው አፕሊኬሽኖችን የሚያስነሳውንና የሚከታተለውን ፒኤም2ን በኤንፒኤም (በኖድ የፕሮግራም መጫኛ) ከጫነ በኋላ የመጀመሪያው ትእዛዙ «ስታርት» ነው። (ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጻፍኳቸው እንጂ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።) በዚያው መስመር «ኔም» በሚለው አማራጭ ለአፕሊኬሽኑ ስም ይስጡት፤ ያለዚያ የፋይሉን ስም ስለሚወስድ አፕሊኬሽኖቹ ሲበዙ መለየት ያስቸግራል።

ፒኤም2 በሚያሳየው የአፕሊኬሽኖች ዝርዝር ላይ «ኦንላይን» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ቃሉ ግን ፕሮሰሱ መነሳቱን እንጂ ከዳታቤዙ ጋር መገናኘቱን አያረጋግጥም፤ በተለይ መብራት ተመልሶ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲነሳ ዳታቤዙ (ፖስትግሬስ) ከአፕሊኬሽኑ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በኢኮሲስተም ፋይሉ (የፒኤም2 ማስተካከያዎች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ «ዌይት ሬዲ» የሚለውን «ትሩ» አድርገው፣ በኮዱ ውስጥ ደግሞ የዳታቤዙ ግንኙነት ከተሳካ በኋላ ብቻ «ሬዲ» የሚል መልእክት በ«ፕሮሰስ ሴንድ» እንዲላክ ያድርጉ። ፒኤም2 መልእክቱን የሚጠብቀው ሌላ ካልተነገረው ለ3000 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዘገምተኛ ማሽን ላይ «ሊስን ታይምአውት» የሚለውን ወደ 10000 ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ከዚያ ሰርቨሩ ሲነሳ ፒኤም2ም አብሮ እንዲነሳ «ስታርትአፕ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ይህ ትእዛዝ በ«ሱዶ» (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬደው ቃል) የሚጀምር ረጅም መስመር አውጥቶ ያሳያል እንጂ ሥራውን ራሱ አይጨርስም፤ መስመሩን ገልብጠው ማስኬድ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ «ሴቭ» ሲሉ በዚያ ሰዓት የሚሠሩት አፕሊኬሽኖች ዝርዝር በተጠቃሚው ሆም ማህደር ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲስ አፕሊኬሽን በጨመሩ ቁጥርም ይህንኑ ይድገሙት። «ስታርት»ንም «ሴቭ»ንም ያለ ሱዶ፣ በአንድ ተጠቃሚ ብቻ ያስኪዷቸው፤ ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) የራሱ የተለየ ዝርዝር ስላለው አንዱ ያስመዘገበውን ሌላው አያየውም።

እንግዳ ከመብዛቱ በፊት ሰርቨሩን ሆን ብለው ሪቡት አድርገው ዝርዝሩን ይመልከቱ። አፕሊኬሽኑ ኖሮ የሪስታርት ቁጥሩ ግን በየደቂቃው የሚጨምር ከሆነ «ሎግስ» ብለው የስህተቱን ጽሑፍ ያንብቡ። የኖድ ቨርዥን የቀየሩ ዕለት ደግሞ «አንስታርትአፕ» ብለው የድሮውን ምዝገባ ካስወገዱ በኋላ «ስታርትአፕ»ን እንደገና ያስኪዱ።