ፀሐይ እያለ ቆጣሪው ሲቆጥር

ሐዋሳ ውስጥ የሶላር መሣሪያ የምገጥምላቸው ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) የሚገባውን ያህል ኃይል አያወጣም። ብዙዎቹ ፓነሉን ይጠረጥራሉ። እኔ አስቀድሜ የማየው ግን ወደ ዋናው የመብራት መስመር የሚላከውን ኃይል የሚገድበውን ቅንብር ነው።

ባትሪው ሞልቶ፣ ቤት ውስጥ ከፍሪጅ በቀር የሚሠራ ነገር ከሌለና ወደ መስመሩ መላክም ከታገደ፣ ኢንቨርተሩ ምርቱን መቀነስ ይኖርበታል። ይህ ብልሽት አይደለም። ለመለየት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አብሩ። 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ስለሚስብ ከእሱ የተሻለ መፈተሻ አላውቅም። ምርቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካሻቀበ ሁሉም ደህና ነው። ምርቱ ባለበት ቆሞ ኃይሉ ከቆጣሪው ከመጣ ግን ሲቲ የምንለውን የመለኪያ ቀለበት መርምሩ፤ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያውቀው በእሱ ነው።

ታቦር ተራራ ግርጌ ያሉ አንዲት እናት «ልጄ፣ እንጀራ በጋገርሁ ቁጥር ካርዱ ያልቅብኛል» አሉኝ። ሳጥኑን ስከፍት የምጣዱ መስመር ከቆጣሪው ሥር ለብቻው ተገንጥሏል፤ ቀለበቱ የታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንቨርተሩ ፍሪጁንና አምፖሎቹን ብቻ እያየ ለእነሱ የሚበቃውን ያመርታል፤ ምጣዱን ጨርሶ አያውቀውም። ቀለበቱን ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከማንኛውም ቅርንጫፍ በፊት አሠርነው። ምጣዱ ሲበራ ምርቱ ወዲያው ተነሣ፤ እሳቸውም እልል አሉ።

ቀለበቱን ከመንካታችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር፣ ከዚያም የፓነሉን ማጥፊያ ዝጉ። ፀሐይ እስካለ ድረስ ከፓነሉ የሚመጣው ሽቦ ኃይል እንዳለው ነው፤ በዚህ ነገር አትቸኩሉ፣ ካልለመዳችሁት ባለሙያ አስጠሩ። ቀለበቱ ፌዙን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ፣ ብቻ ማቀፍ አለበት። ፌዝና ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) አብረው ካለፉበት አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት መመሪያውን ተመልከቱ፤ አምራቾች በዚህ አይስማሙም። ተገልብጦ ከታሠረ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ የሚገባውን እንደሚወጣ ይቆጥረዋል። ሦስት ፌዝ ባለበት ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ቀለበት በራሱ ፌዝ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ ሌላም ጥንቃቄ አለባችሁ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች የወጣውንም ኃይል እንደ ፍጆታ ይቆጥራሉ። ምጣዱ በድንገት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ እስኪቀንስ ድረስ ትርፉ ወደ መስመሩ ይፈስሳል። ስለዚህ ገደቡን ልክ ዜሮ ላይ አታድርጉት፤ ከመስመሩ ሁልጊዜ 50 ዋት ያህል እንዲገባ አድርጋችሁ ሙሉት። ገደቡን ጨርሶ ማንሣት ያለፈቃድ የማይደረግ ነው።

እንዲልክ የተፈቀደለት ኢንቨርተር እኩለ ቀን ላይ ምርቱን እየቀነሰ ወይም እየጠፋ ከተመለሰ ቮልቴጁን ለኩ። ኃይል ሲወጣ በኢንቨርተሩ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ከመስመሩ ከፍ ይላል፤ ብዙ ኢንቨርተሮችም 253 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከቆጣሪው 40 ሜትር ርቀት ላይ በ4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ የተገጠመ ኢንቨርተር 22 አምፔር ሲልክ በሽቦው ላይ ብቻ 8 ቮልት ገደማ ይጨምራል። ሽቦው 10 ካሬ ቢሆን ጭማሪው 3 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ የቮልቴጁን ጣሪያ በቅንብር ከፍ አታድርጉ፤ በዚያ መስመር ላይ የጎረቤት ፍሪጅም አለ። ሽቦውን ቀይሩ። ኢንቨርተሩ ሥራ አቁሞ እያለም ቮልቴጁ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነውና ንባቡን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ለመብራት አገልግሎቱ አመልክቱ።