ፔት ስካን ላይ "አንገቱ አበራ" ሲባል፦ ካንሰር ነው ወይስ ቡናማ ስብ? (ችግርና መፍትሄ)

ከአዳማ ለካንሰር ህክምና ወይ ለክትትል ደልሂ፣ ባንኮክ፣ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው አለ፣ ሲመለስ የፔት ስካን ሪፖርቱን ይዞ ከሚመጣው ጥያቄ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሁሌ ተመሳሳይ ነው፦ "አንገቱ ላይ ያበራል ይላል፣ ተሰራጨ ማለት ነው?" ራጅ ክፍል ስለምሰራ ሰው ይጠይቀኛል፣ ሐኪም ግን አይደለሁም፣ የመጨረሻው ቃል የራዲዮሎጂስቱና የካንሰር ሐኪሙ ነው። እዚህ የምጽፈው ከመደንገጣችሁ በፊት ምን ማየት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚያይ። በደም ስር የሚሰጠው ኤፍዲጂ የሚባለው መድሃኒት ስኳር መሳይ ነገር ነው፣ ትንሽ ጨረር ያለው ፍሎሪን 18 ተለጥፎበታል፣ ስኳር በብዛት የሚበላ ቦታ ሁሉ ምስሉ ላይ ይበራል። ካንሰር ይበራል፣ ግን አንጎልም ይበራል፣ ልብም ሊበራ ይችላል፣ ፊኛም መድሃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ይበራል። ከነዚህ ጋር ቡናማ ስብ የሚባል አለ። ቦርጭ የሚሆነው ነጩ ስብ ጎተራ ነው፣ ቡናማው ግን ምድጃ ነው፣ ስኳርና ስብ አቃጥሎ ሙቀት ይሰራል። ድሮ ጨቅላ ህፃናት ላይ ብቻ ያለ፣ አዋቂ ላይ ግን የጠፋ ነገር ይመስል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የፔት ስካን ባለሙያዎች አንገት ላይ የሚበራው ነገር ስብ ውስጥ መሆኑን ማስተዋል ጀመሩ፣ በ2009 ደግሞ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ሦስት ጥናቶች አንድ ላይ ወጥተው አዋቂም እንዳለው ተረጋገጠ።

ችግር፦ ግራና ቀኝ አንገት ስር፣ ከትከሻ በላይ ያለው ጎድጓዳ ላይ፣ አንዳንዴም በአከርካሪ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ያበራል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው። የአዳማን ሙቀት የለመደ ሰው ታህሳስ ጥር ላይ ደልሂ ይገባል፣ እዛ በዛ ሰሞን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ማረፊያው ማሞቂያ የለውም፣ ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ስስ ጋውን አልብሰው ኤሲ ያለበት ክፍል ያስቀምጡታል፣ በቃ ምድጃው ይነሳል። አንዷ ቀጠን ያለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሪፖርቷን ይዛ መጥታ ነበር፣ እናትየው ከኋላዋ "ልጄ እንዲያው አለቀላት?" እያሉ፣ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ከፍተን ሲቲውን (የአካሉን ቅርጽ የሚያሳየውን የራጅ ምስል) ብቻ ስናየው የበራው ቦታ ላይ ንፍፊት የሚመስል ነገር የለም፣ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ስብ ብቻ፣ የሲቲ ልኬቱም ከዜሮ በታች 90 አካባቢ። በኋላ ራዲዮሎጂስቱም ቡናማ ስብ ነው አለ።

መፍትሄው እዚሁ ጋ ነው። ፔት ሲቲ ሁለት ምስል ነው፣ የሚበራውና የሲቲው። የበራው ቦታ ሲቲው ላይ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። በሲቲ ልኬት ውሃ ዜሮ ነው፣ ስብ ከዜሮ በታች ነው፣ ንፍፊትና ሥጋ ከዜሮ በላይ። ስብ ላይ ከበራና ግራ ቀኙ ከተመሳሰለ ቡናማ ስብ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ ቁልጭ ያለ ንፍፊት ላይ ከበራ ግን "ብርድ ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለዚህ ነው ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ የምለው፣ ሲዲው ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ምንም አያደርግም።

ችግር፦ ባለፈው ስካን ያልነበረ አሁን በራ፣ ዋናው እጢ ግን ቀንሷል

ይሄ በተለይ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ያለባቸው ወጣቶች ላይ ያስደነግጣል። የቡናማ ስብ ነገር ከቀን ቀን ይለያያል፣ ያንኑ ሰው ክረምትና በጋ ብታነሱት ሁለት ዓይነት ነው። ወጣት፣ ሴት፣ ቀጭን የሆነ ሰው ላይ በብዛት ይታያል፣ ህፃናት ላይማ በጣም፣ እድሜው የገፋ፣ ወፈር ያለ፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ ስካኖች በየትኛው ወር፣ የት አገር፣ ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደተነሱ ለሐኪሙ ንገሩት፣ የክፍሉ ብርድ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ችግር፦ አንድ ጎን ብቻ ወይ ደረት መሃል ላይ ያበራል

እዚህ ጋ ጥንቃቄ። ቡናማ ስብ ደረት ውስጥም፣ ኩላሊት ዙሪያም አለ፣ አንዳንዴም ሚዛኑን ሳይጠብቅ ይበራል። ሌላው ምክንያት ሰውየው በሲቲውና በፔቱ መሃል አንገቱን ካዞረ ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም፣ የበራው ንፍፊት ሆኖ ሳለ ስብ ላይ የበራ ይመስላል፣ የተገላቢጦሹም አለ። ግን እውነተኛ በሽታም ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገ ናሙና፣ ወይ በደንብ ተዘጋጅቶ ስካኑን መድገም፣ ይሄን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ችግር፦ ስብ ሳይሆን ጡንቻ በራ

ከአንድ ቀን በፊት ስፖርት የሰራ ወይ ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ የዞረ ሰው ትከሻውና እግሩ ይበራል። ማስቲካ ያኘከ መንጋጋው ይበራል፣ ጫት ደግሞ ሁለት ጥፋት አለው፣ ማኘኩ መንጋጋን ያበራል፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን ደግሞ የአምፌታሚን ዘመድ ስለሆነ ነርቭ ያነቃል፣ ቡናማ ስብን የሚቀሰቅሰውም ያው ነርቭ ነው። መላ ሰውነት ጡንቻው ከበራ ብዙውን ጊዜ በልቶ ነው የገባው ወይ ኢንሱሊን በቅርብ ወስዷል። አንጀት ከበራ ሜትፎርሚን ይወስድ እንደሆነ ይጠየቃል።

አሁን ዝግጅቱ፣ ድጋሚ ለሚያነሱም ለአዲስም

ሙቀቱ ከመርፌው በፊት ነው የሚጀምረው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ መድሃኒቱ ገብቶ ምድጃው ከጠጣው በኋላ ብርድ ልብስ ቢደረብ ዋጋ የለውም። ከመርፌው በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት፣ 24 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ክፍል ውስጥ መቆየት፣ ከዛም እስከ ስካኑ ድረስ አለመብረድ። ጋቢ ያዙ፣ ካልሲ ያዙ፣ ከማረፊያ እስከ ሆስፒታል መንገዱ ላይም ተከናነቡ፣ ክፍሉ ከበረዳችሁ ደግሞ ይሉኝታ አያስፈልግም፣ ብርድ ልብስ ጠይቁ።

ምግብ። ከመርፌው በፊት ቢያንስ 4 እስከ 6 ሰዓት አይበላም፣ ውሃ ግን ይጠጣል፣ እንደ ቤተክርስቲያን ጾም አድርገው ምራቃቸውን ሳይውጡ የሚሄዱ አሉ፣ እንደዛ አይደለም፣ ውሃው ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ከዛ በፊት ባለው ቀን ስኳርና ስታርች ያለበት ነገር ቀንሰህ ስብ ያለው ብላ ይላሉ፣ ኢንሱሊን ዝቅ ሲል ቡናማው ስብም ልብም ከስኳር ይልቅ ስብ ያቃጥላሉ፣ ስለዚህ ብዙም አይበሩም። ለኛ ሰው ይሄ ማለት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ጁስ ቀርቶ እንቁላልና ሥጋ በቅቤ ነው። ጾም ላይ ከሆነስ? ሽሮና ምስር ስታርች አላቸው፣ አቮካዶ፣ ጎመን በዘይት፣ አሳ የሚበላ ደግሞ የቆቃ አሳ ጠብሶ ያለ ዳቦ ይብላ። ቡናና ሲጋራም ይቅሩ። የደም ስኳር ከ200 በላይ ከሆነ ቀጠሮውን ሊያዛውሩት ይችላሉ፣ የስኳር መድሃኒት የሚወስድ ሰው ቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ እንጂ በራሱ አያቋርጥ።

ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አለ፣ ከመርፌው ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት ተሰጥቶ ቡናማውን ስብ ያጠፋዋል፣ በደንብ ይሰራል። ግን አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፣ የልብ ምቱ ቀርፋፋ የሆነ፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ ሰውም አይወስድም። የጎረቤት የግፊት መድሃኒት ተውሶ መዋጥ የሚባል ነገር እንዳይሰማ።

አንድ የቀረ። ሰውየው ሙቅ ቆይቶ፣ በደንብ ተዘጋጅቶም ቡናማው ስብ ከአንገት እስከ ኩላሊት ከበራ፣ ከዛ ጋር ግፊቱ በድንገት የሚወጣ፣ ልቡ የሚመታ፣ የሚያልበውና ራሱን የሚያመው ከሆነ ለሐኪሙ ሳትዘሉ ንገሩ። ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ ላይ የሚወጣ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እብጠት አድሬናሊንና ዘመዶቹን እያፈሰሰ ምድጃውን ያለ ብርድ ሊያነድ ይችላል፣ እሱ በደምና በሽንት ምርመራ ይለያል።