ነጠላ ዜማው አልበም ውስጥ ሲገባ የአድማጭ ቁጥሩ ከዜሮ ጀመረ፦ እንዴት እንደተፈታ

በነጠላ ወጥቶ ሲደመጥ የቆየ ዘፈን አልበሙ ሲለቀቅ ስፖቲፋይ ላይ እንደ አዲስ መቆጠር ጀመረ። ምክንያቱ ለአንድ ቅጂ ሁለት አይኤስአርሲ መሰጠቱ ነበር። ይህ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ (የአገር 2፣ የመዝጋቢ 3፣ የዓመት 2፣ ተራ ቁጥር 5) የሚሰጠው ለድምፅ ቅጂው ነው፤ ነጠላም ሆነ አልበም ላይ አይቀየርም። የሚለየው የምርቱ፣ ማለትም የነጠላው ወይም የአልበሙ፣ ኮድ ዩፒሲ ነው።

ማረሚያው የአልበሙን ትራክ በመጀመሪያው አይኤስአርሲ መልሶ መላክ ነው። ድምፁ፣ ርዝመቱና የአርቲስቱ ስም የላቲን አጻጻፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይ የሚልከው አከፋፋይ ከተላከ በኋላ ኮድ ማረም ካልፈቀደ የታረመውን አልበም እንደ አዲስ ጭናችሁ ገበያ ላይ መውጣቱን ሳታዩ አሮጌውን አታውርዱ። ቁጥሩም በአንድ ጀምበር አይጣመርም።

ዳግም እንዳይደርስ ኮዶችን በኤክሴል መያዝን ትቶ ቅጂንና ምርትን ለየብቻ የሚመዘግብ ሶፍትዌር መያዝ ነው። ኤክሴል ዓምዱ «ጽሑፍ» ካልተባለ የዩፒሲን መነሻ ዜሮ ይበላል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በሙከራ አካውንት አንድ ቅጂ ሁለት ምርት ውስጥ አስገቡ፤ ለሁለተኛው አዲስ አይኤስአርሲ ካስገደደ ተዉት፣ ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር። ቀጥሎ መረጃውን በሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጡና በኖትፓድ ክፈቱት፤ የአማርኛ ርዕሱ ጥያቄ ምልክት ከሆነ አይረባም።

የሚለቀቅበት ቀን የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025። የስፖቲፋይ ፕሌይሊስት ጥቆማ (ዘፈኑ በስፖቲፋይ አዘጋጆች የዘፈን ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የሚላክ ጥያቄ) ከመለቀቁ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት እንዲገባ ስለሚመከር እዚህ ላይ መሳሳት ያስከፍላል።